የጋሽ እርገጤ የሲቲ ስካን ሱባኤ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ እርገጤ የሚባል ሰው በአንዲት የደጋ ከተማ ወፍጮ ቤት እህል ሲፈጭ ኖረ። ዱቄቱ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ያለብሰው ስለነበር ሴቶቹ ገና በጎልማሳነቱ «ጋሽ እርገጤ ሳይሸብት ሸበተ» እያሉ ይስቁበት ነበር። በኋላ እውነትም ሸበተ። ከሚስቱ ከአሰገደች በቀር ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

አሰገደች ቀድማው ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። የሰጠም የነሳም እግዚአብሔር ነው፣ ስሙ ይባረክ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ጋሽ እርገጤ ብቻውን ከፊት ተቀመጠ፤ ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናህ» አለው። ድንኳኑ ሲነቀል ሰዎቹ ወንበሩን ሁሉ ተሸክመው ሄዱ። እሱም የተቀመጠበትን አንስቶ ሰጣቸውና ቆሞ ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ በእድሩ ስብሰባ ላይ ዳኛው አቶ ገሠሠ ጠራው። አቶ ገሠሠ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን አይታሰርም።

«ጋሽ እርገጤ፣ ያንተ ቀን ሲመጣ ድንኳኑን ለማን ነው የምንተክለው?»

«ለእኔ ነዋ!»

«ላንተማ ጉድጓድ ነው የምንቆፍርልህ። ድንኳን የሚተከለው ለቀሪ ነው። ከፊት የሚቀመጥ፣ ‹እግዜር ያጥናህ› የሚባል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ባዶ ወንበር እናጽናና እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ እርገጤም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጸሎቱ ተለወጠ። ድሮ «ጌታ ሆይ፣ በሰላም አሳርፈኝ» ይል ነበር። አሁን «መጀመሪያ አንድ ሰው ስጠኝ፣ ከዚያ አሳርፈኝ» ማለት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ሳል ያዘው። ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ጤና ጣቢያው ሆስፒታል ላከው፤ ሆስፒታሉ ደረቱን ሲቲ ስካን ይነሳ ብሎ አዘዘ። በከተማዋ ሲቲ ስካን የሚያነሱ ሦስት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ታች መናኸሪያው አጠገብ፣ አንዱ መካከል ገበያው ዳር፣ አንዱ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ። ጋሽ እርገጤ ወደ ታችኛው ወረደ።

እዚያ የምታነሳው ውዳላት የምትባል ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ ጫማውን አወለቀችለት።

«ተይ ልጄ፣ እግሬ ዱቄት ነው።»

«ዱቄት ምን ይለኛል አባባ፣ እንጀራ አይደል? ቀስ ብለው ይተኙ። እጅዎን ወደ ላይ። በረድዎት?»

«ትንሽ።»

ብርድ ልብስ አምጥታ እግሩን ሸፈነችለት። ከዚያ ወጥታ ከመስተዋቱ ጀርባ ቆመች። አልጋው ወደ ቀለበቱ ገባ፤ ቀለበቱ መዞር ጀመረ። ጋሽ እርገጤ የሚዞር ነገር ድምፅ ሲሰማ የኖረ ሰው ነውና አልፈራም፤ እንዲያውም ልቡ ረጋ። «ትንፋሽዎን ይያዙ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ፤ ያዘ። «ይተንፍሱ» አለው፤ ተነፈሰ። አሰገደች ከሞተች ወዲህ መተንፈሱን የጠበቀለት ሰው ያን ቀን አገኘ።

ሐኪሙ ምስሉን አይቶ «ሳንባዎ ዱቄት ለብሷል አባቴ፤ ከዱቄት ይራቁ፣ አፍዎን በጨርቅ ይሸፍኑ» አለው። እሺ ብሎ ሄደ። በዚያው ሳምንት የወፍጮው ሞተር ተቃጠለና ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። ዱቄት የለ፤ ሳሉ ቀነሰ። ጋሽ እርገጤ ግን ሞተሩን አላሰበም። ያሻለው ማሽኑ መሰለው። ታዲያ ምን አለ? «ጠበል አንድ ቀን ተጠምቆ የሚተው ማን ነው? ሱባኤውን ካልጨረሱት በሽታው ተመልሶ ይገባል።» እንዲህ ብሎ ሲቲ ስካኑን እንደ ጠበል ሱባኤ ሊይዘው ቆረጠ።

እዚህ ላይ ስለ ጨረሩ ልንገራችሁ፤ እኔም የነገሩኝን ነው። ራጅ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ሲቲ ስካን ግን ዙሪያውን እየዞረ ደጋግሞ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ጨረሩ ከራጅ እጅግ ይበዛል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም። ላስፈለገው ሰው ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል። ባላስፈለገው ላይ ግን ጥቅሙ የለም፤ ጉዳቱ ብቻ በጉዳት ላይ ይደመራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ለሕፃን ይከፋል፣ ለሽማግሌ ይቀላል ይላሉ። ቢቀልም እሳት እሳት ነው።

ለጋሽ እርገጤ ይህን የነገረው የለም። አንዴ ወደ ታችኛው፣ አንዴ ወደ መካከለኛው፣ አንዴ ወደ ላይኛው ሄደ። ለአንዱ ሐኪም ደረቴን ይወጋኛል አለ፤ ለሌላው ጎኔን አለ። ትዕዛዝ ተጻፈለት። ለተዝካሩ ብሎ ያስቀመጠውን እህል እየሸጠ ከፈለ፤ ተዝካሩንስ ማን ሊያወጣለት! ሦስቱ ቤቶች በአንድ ጎዳና ላይ ሆነው አንዱ ያነሳውን ሌላው አይጠይቅም ነበር። እያንዳንዱ ቤት ይህን ሽማግሌ የማነሳው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስባል።

እንግዲህ ሦስት ሰዎች አሉ። ያደረጉትን ስሙ።

ውዳላት ምን አደረገች? ጋሽ እርገጤ ተመልሶ ሲመጣ ትዕዛዙን አየች፤ ሰውየውንም አየች። አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ነው። ማሽኑ ግን እንደ መጣ ለወፍራም ሰው ተስተካክሎ ነው የተቀመጠው፤ በሬ በሚጠመድበት ቀንበር ጥጃ እንደማስገባት ነው። ጨረሩን ቀነሰችው። በሌላ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ይብስ ቀነሰችው። ምስሉን የሚያነብበው ሐኪም ከክፍሉ ወጥቶ መጣ።

«ውዳላት፣ ይሄ ምስል ነው ወይስ ጭጋግ?»

«የሚፈልጉት አይታይም ዶክተር?»

«ይታያል። ግን አሸዋ የነሰነሱበት ይመስላል።»

«ለእርሳቸው ነው የሳሳሁት። ለምስሉ አይደለም።»

ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። «ለምን አትመልሻቸውም?» ያለቻትም ነበረች፤ የሥራ ጓደኛዋ። ውዳላት «ብመልሳቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ሙሉውን ይቀበላሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ቢያንስ ጥቂቱን ነው» አለች። እያሳነሰች አነሳችው እንጂ አንድም ቀን አልመለሰችውም፤ ባነሳችውም ቁጥር ጫማውን ራሷ አወለቀች፣ «ዱቄቱን ሸሹ ወይ አባባ?» ብላ ጠየቀች። የሞተሩ ጥገና አልቆ ወፍጮው ሥራ ጀምሮ ነበርና «እሸሻለሁ ልጄ» እያለ ይዋሻት ነበር።

ብርሌው ምን አደረገ? ብርሌው የጨረር መጠን የሚለካ ባለሙያ ነው። ከተማ ለከተማ እየዞረ ማሽኖቹ ከሚገባው በላይ ጨረር እንዳይሰጡ ይቆጣጠራል። የሰው ደረት የሚያህል ድቡልቡል ፕላስቲክ ይዞ ይዞራል፤ በሰው ፈንታ እሱን አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ በውስጡ መለኪያ ከትቶ ማሽኑን ያስነሳል። አንድ ቀን ጠዋት ታችኛው ቤት ሊለካ ሲገባ አንድ ሽማግሌ ከአልጋው ሲወርድ አየ። በማግስቱ መካከለኛው ቤት ሄደ፤ ያው ሽማግሌ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃል። አጠገቡ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ትናንት ታች አላየሁዎትም?»

«አይተኸኛል፤ እኔም አይቼሃለሁ። አንተስ ምን አግኝቶህ ነው በዚህ ዕድሜህ? ሱባኤ ገብተህ ነው?»

«የምን ሱባኤ?»

«የዚህኛው ነዋ። ልክ ነህ፣ በየቤቱ መዳረስ ነው እንጂ አንድ ቦታ አይበቃም።» ከዚያ ፕላስቲኩን አየና «ይሄስ?» አለ።

«ይሄ በሰው ፈንታ የሚነሳ ነው።»

ጋሽ እርገጤ ፕላስቲኩን በእጁ ዳሰሰው። «ታድሎ! እሱ እንኳ የሚሸከመው ሰው አለው።»

ብርሌው የሚቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ተወ። ጠየቀው፤ ሽማግሌውም ሁሉንም ነገረው፤ ደስ ብሎት ነው የነገረው። ብርሌው ደነገጠ። ሽማግሌውን ይዞት ወጣና ደጁ ላይ አቁሞ እውነቱን ፊት ለፊት ነገረው፦ «አባባ፣ ይሄ ማሽን ያያል እንጂ አያድንም። ያሻለዎት ዱቄቱ ስለቀረ ነው። በላይዎ ላይ ያለ ጥቅም ጨረር እያፈሰሱ ነው።» በዚያው ቀን ሦስቱንም ቤቶች ዞረ። የጋሽ እርገጤን ስም ሰጠ፤ ብርቱ ምክንያት ካልመጣ እኔን ሳትጠይቁ እኝህን ሰው እንዳታነሱ አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሕመምተኛ ሲመጣ «ሌላ ቤት ተነስተሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የተነሳውን ምስል አስመጡ ብሎ ደንብ አስገባ። በዚህ ደንብ ራሱን የተመታ አንድ ሕፃን በሌላ ቤት ዳግመኛ ሳይነሳ በመጀመሪያው ምስል ብቻ ታክሞ ዳነ። ይህ ለብርሌው ይቆጠርለት።

ብርሌው ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ጋሽ እርገጤም በልማዱ ወደ ታችኛው ቤት ወረደ።

«አባባ፣ እርስዎ ተከልክለዋል» አለው ጥበቃው።

«ምን ሰረቅሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ተከልክለዋል ነው የተባልኩት።»

ወደ መካከለኛው ሄደ፤ እዚያም ተከልክሏል። ከተማው ሁሉ ያወቀው መሰለውና በጓሮ መንገድ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማሽኑ እንደማያድን አሁን ያውቃል፤ ብርሌው ነግሮታል። ቢሆንም የሚሄድበት አልነበረውም። ዱቄቱን እንዲሸሽ ስለተነገረው ወፍጮ ቤቱንም ትቷል። በዚህም አፉን የሚያላቅቅበት ሰው አጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይናገር ውሎ ማታ «አቤቱ ጌታ ሆይ» ሲል የራሱ ድምፅ እንግዳ ይሆንበት ነበር።

ይታገሱ ምን አደረገ? ይታገሱ የላይኛው ቤት አንሺ ነው። ከዕለታት አንድ ሐሙስ ዝናብ እየዘነበ ጋሽ እርገጤ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ግባም አላሉት፣ ሂድም አላሉት። ሕመምተኛው ሁሉ ተነስቶ ሲያልቅ ይታገሱ መጣ።

«አባባ፣ እርስዎን እንዳላነሳ ታዝዣለሁ።»

«አውቃለሁ። አታንሳኝ። ትንሽ ብቻ አስተኛኝ። ያችን ‹ትንፋሽዎን ይያዙ› የምትለውን በለኝ።»

ይታገሱ በሩን ከፈተ። ከዚያ አስገባው። ጫማውን አወለቀለት፣ አስተኛው፣ አልጋውን ወደ ቀለበቱ አስገባ። የማሽኑ መብራት በርቷል፣ ማራገቢያው ይነፍሳል፤ ጨረሩ ግን አልተከፈተም። «አነሳዎታለሁ፤ ለማንም እንዳይነግሩ» አለው። «ትንፋሽዎን ይያዙ» አለው። «ይተንፍሱ» አለው። ጋሽ እርገጤ ፈገግ ብሎ ወረደ። በየሐሙሱ መምጣት ጀመረ። ይታገሱም እያስተኛ፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ አሰገደች፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ድንኳኑ ሲያወራ ይሰማው ነበር። አንድ ሐሙስ ቢቀር ይታገሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ አንኳኳ፤ ከፋሲካ በኋላ ያንን በር ያንኳኳ የመጀመሪያ ሰው እሱ ነበር። ጨረር ሳይነካው ሰው አገኘ። ግን በውሸት ነው ያገኘው፤ ይታገሱም ለሚያምነው ሰው በየሳምንቱ ዋሸ።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በቀለለ። ነገሩ ግን ቀጠለ።

አንድ ሐሙስ ጋሽ እርገጤ «ዛሬ ደግሞ አክታዬ ላይ ደም አየሁ» አለው። ይታገሱ ሽማግሌው ሁልጊዜ አንድ ሕመም ይዞ መምጣቱን ለምዷልና እንደ ልማዱ ያለ ጨረር አስተኛው፤ «አይዞዎት፣ ደህና ነዎት» አለው። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ። በሦስተኛው ሐሙስ ጋሽ እርገጤ በቤቱ ደጅ ላይ ወደቀ። ጎረቤት አንስቶ በቅርቡ ወዳለው፣ ወደ ታችኛው ቤት አደረሰው። ውዳላት ልታነሳው ስትል ክልከላው አለ። ወደ ብርሌው ደወለች።

«ጋሽ እርገጤ ናቸው። ደም ይተፋሉ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አንሺያቸው! በሩን የዘጋሁት እኮ ለዛሬ እንዲተርፋቸው ነው!»

አነሳችው። ያን ቀን ጨረሩን አልቀነሰችበትም፤ የሚገባውን ያህል ሰጠችው፤ ምስሉ እንደ ውኃ ጠራ። በሳንባው ውስጥ እብጠት ነበረ። ሐኪሙ አሮጌዎቹን ምስሎች አስወጥቶ ጎን ለጎን አየ። በአንደኛው፣ ውዳላት አሳንሳ ባነሳችው ላይ፣ በዚያው ቦታ አንዲት ነጠብጣብ አለች። እብጠቱ ያኔ ጀምሮ ይሁን ወይስ የምስሉ አሸዋ ይሁን፣ ማንም መለየት አልቻለም።

«ጠርቶ ቢሆን ኖሮ…» አለ ሐኪሙ። ከዚያ «ላይሆንም ይችላል» አለ።

«ጨረሩ ነው ያመጣባቸው?» አለች ውዳላት።

«ጨረር እንዲህ ቶሎ አያደርስም። ከሌላ ነው። ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢመጡ ግን ይሻል ነበር።»

ብርሌው በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ መጣ። ይታገሱም ሰምቶ መጣ፤ ያደረገውን በሁሉም ፊት ተናገረ፤ አልደበቀም። ሐኪሙ ለጋሽ እርገጤ እውነቱን ነገረው፦ መድኃኒት አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ረጅም ግን አይደለም።

ጋሽ እርገጤ አላለቀሰም። «ተመስገን» አለ። ከዚያ አቶ ገሠሠን ቤቱ አስጠራ፤ ሦስቱንም አስጠራ። ትንሽ ማር በሳህን አስቀርቦ ነበር። በአባቶቻችን ወግ ዘመድ ያጣ ሰው ሌላውን ልጁ ሲያደርግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል፤ ጣቱን የጠባ የጡት ልጅ ይሆናል፤ አባቱ ሲሞት ከድንኳኑ ፊት የሚቀመጥ እሱ ነው።

«ገሠሠ፣ ድንኳኑን ለማን ነው የምንተክለው ብለኸኝ ነበር። ዛሬ እነግርሃለሁ።»

«እኔ እኮ ቀልዴን ነበር ጋሽ እርገጤ» አለ አቶ ገሠሠ፤ አፍሮ ነበር።

«ቀልድህ ልክ ነው። እነዚህ ሦስቱ ናቸው ሰው ያሉኝ። አንዱን ልጄ አደርጋለሁ።»

«ሦስቱንም አድርጋቸዋ! ማሩ ይበቃል።»

ጋሽ እርገጤ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስቱም ቤቶች አነሱኝ፤ እያንዳንዱ ‹እኔ ብቻ ነኝ› አለ። ሦስት ልጅ ካደረግሁ ደግሞ እያንዳንዱ ‹ያኛው አለ› ይላል። ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አንድ ነው የምፈልገው።»

እያንዳንዳቸው ልጅ ሊሆኑለት ፈቃዳቸው ነበር፤ ውዳላት አባቷን በልጅነቷ ያጣች ናት፤ ብርሌው ከተማ ለከተማ ሲዞር ቤት የሚለው የሌለው ነው፤ ይታገሱም ሐሙስን ለምዷል።

ውዳላት ቀድማ ተናገረች። «እኔ አልመለስኩዎትም፤ አልዋሸሁዎትምም። በመጡ ቁጥር ሳሳሁልዎት። ያች ነጠብጣብ ግን ከእኔ ጭጋግ ውስጥ ነው ያለችው፤ እሷን ይቁጠሩብኝ።»

«ልጄ፣ ለእኔ መሳሳትሽ ነው ወይስ ስሕተትሽ ያደናቀፈኝ፣ እሱ ያውቃል» አለ ጋሽ እርገጤ። «አንተስ?»

ብርሌው «እኔ እውነቱን ነገርኩዎት» አለ። «ሌላ የነገረዎት የለም። ባልዘጋው ኖሮ ዛሬም ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር።»

«በሩን ስትዘጋ ከውጭ ማን እንደቀረ አየህ?»

ብርሌው አንገቱን ደፋ። «አላየሁም። መጠኑን ነው የማየው። ሰውየውን ሳላይ ሄድኩ።»

«አንተስ ይታገሱ?»

«እኔ ዋሸሁዎት። ደሙን ነግረውኝ አልሰማሁም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ነበርኩ። ሌላ የምለው የለኝም።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ እርገጤ ሳቀ፤ ሳቁ በሳል ተቋረጠ። «አልዋሸኸኝም» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ሲዞር ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀለበቱ እንዳልዞረ በመጀመሪያው ሐሙስ አውቄያለሁ።»

ይታገሱ ክው አለ። «ታዲያ ደሙን ያዩ ቀን ለምን ‹አስነሳው› አላሉኝም?»

«ማሽኑ ሲነሳ ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል። አንሺው ከመስተዋቱ ጀርባ ይቆማል፤ የተኛው ብቻውን ይቀራል። ሳይነሳ ግን አንተ አጠገቤ በርጩማ ላይ ነበርክ።»

አቶ ገሠሠ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። «እንዲህማ ከሆነ ሁለታችሁም ዋሽታችኋል! አባትም ዋሽቶ ልጅም ዋሽቶ ምን ዓይነት ዝምድና ነው? እኔን ብትሰማኝ እውነት ለተናገረው ስጥ። እውነት መራራ ናት፣ ግን የምታድነው እሷ ናት።»

«እውነቱን ነግሮኝ አውቶቡስ ተሳፈረ» አለ ጋሽ እርገጤ።

«ሲጠሩት መጣ!»

«መጣ፤ እሱ እውነት ነው።»

«ወይ ለልጅቷ ስጥ። በርም አልዘጋችብህ፣ አልዋሸችህ። መካከለኛውን መንገድ የያዘች እሷ ናት።»

«መካከለኛው መንገድ ነው ነጠብጣቧን የሸሸጋት፣ ከሸሸጋት።»

«ወይ ለዚህ ለውሸታሙ!»

«ሁለት ሳምንት ጠፍቶብኛል በሱ። በእኔም ጠፍቶብኛል።»

«እንግዲህ እኔ ምን ልበልህ!» ብሎ አቶ ገሠሠ ጋቢውን አስተካከለ። «የእድሩ ዳኛ ብሆንም ይሄን አልዳኝም።»

ጋሽ እርገጤ አማተበ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን ብሎ እንደጸለየ የሰማ የለም። ከዚያ አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረና አወጣ። ሦስቱም ባሉበት ተንበርክከዋል፤ አንዳቸውም ወደ ፊት አልተጠጉም፣ አንዳቸውም ወደ ኋላ አላሉም። መጀመሪያ ጫማውን ያወለቀችለትን አየ። እውነቱን ደጅ ላይ አቁሞ የነገረውን አየ። በዝናብ ቀን አስገብቶ ያስተኛውን አየ።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ በየቤታችሁ ሽማግሌ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ተከራከሩና ፍረዱ። አንዷ ጉዳቱን አሳነሰችለት፣ ግን እያሳነሰች አስቀጠለችው። አንዱ ጉዳቱን ቆረጠለት፣ ግን እሱንም ከሰው ቆረጠው። አንዱ ሰው ሆነለት፣ ግን ሕመሙን አልሰማለትም። ማሩ ወደ አንጓው እየወረደ ነው፤ ጋሽ እርገጤም ብዙ ጊዜ የለውም። አውራ ጣቱን ወደ ማን ይዘርጋ? ከድንኳኑ ፊት ተቀምጦ «እግዜር ያጥናህ» መባል የሚገባው ማን ነው?